ያልታጠበው ነጠላ

መቐለ የመጣሁት እህቴን ዕቃ ላግዛት ነበር። ዩኒቨርሲቲው በመምህርነት ቀጥሯት ዓዲ ሓቂ ሁለት ክፍል ተከራየች፤ አልጋዋን ገጠምኩላት፣ መደርደሪያዋን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩላት፣ መመለሻዬ ሲደርስ ደግሞ ትንሽ ልቆይ አልኳት። እሷ ስታስተምር እኔ ቤት ተቀምጬ ግጥም እጽፋለሁ ተባባልን። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከታክሲ ሬዲዮ፣ ከለቅሶ ቤት፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ተራ እየለቃቀምኩ ነው የተማርኩት። እንዲህ የተማረ ሰው ወንበር ላይ አይረጋም። ጠዋት አንድ ስንኝ እጽፋለሁ፣ ከዚያ መስኮት ላይ ቆሜ ተማሪዎች ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ሲጋፉ አያለሁ፣ ከዚያ ጃኬቴን አንስቼ እወጣለሁ።

እህቴ ይህን ታውቅ ነበር። አንድ ማለዳ ሻይዋን እየጠጣች፣ ሓወልቲ አካባቢ የአደራ ቤተሰብ የሚጠብቁ ሕጻናት የሚቆዩበት ቤት እንዳለና በጎ ፈቃደኛ እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። ከባልደረባዋ ነው የሰማችው። ልጅ ይዤ እንደማላውቅ፣ ትግርኛም እንደማልችል አስታወስኳት።

«ግጥምህን የሚሰማህ ሰው አጣሁ ስትል አልነበር?» አለችኝ። «እነሱ ጥለውህ የትም አይሄዱም።»

ሄድኩ። ከሀገሬ ሳልወጣ፣ ሰው ሲስቅ ለምን እንደሚስቅ ሳይገባኝ አብሬ የምስቅበት ቦታ ገባሁ። የማውቀው «ከመይ ኣለኹም» እና «የቐንየለይ» ብቻ ነበር፤ ልጆቹ ለሰላምታም ለምስጋናም ግድ አልነበራቸውም።

ቤቱ በጥርብ ድንጋይ የተሠራ፣ ግቢው ሰፊ፣ የልብስ ማስጫ ገመዱ ከግንብ እስከ ግንብ የተወጠረ ነበር። ገመዱ ላይ ሁልጊዜ መዳፍ የሚያክሉ ሱሪዎችና ካልሲዎች ይወዛወዛሉ። የሞግዚቶቹ አለቃ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ የቀሚሳቸው ጫፍ ዙሪያውን በልብስ መቆንጠጫ የተሰካ ሴት ናቸው። ሁሉም «አደይ» ይላቸዋል፤ እናቴ ማለት ነው። እኔንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው «ሓወይ» አሉኝ፤ ወንድሜ እንደማለት።

«ገጣሚ ነው አሉኝ» አሉ ከእግሬ እስከ ራሴ እያዩኝ። «እንግዲህ ግጥም ከቻልክ ፖፖ ማጠብም አያቅትህም። ሁለቱም ትዕግሥት ነው።»

ፖፖ አጠብኩ። ገንፎ አበላሁ፣ አፍንጫ ጠረግኩ፣ ግራና ቀኝ ጫማ ለየሁ፤ ይሄኛው ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። አደይ አንድ ነገር ቶሎ እንዲገባኝ ፈለጉ። ይህ ቤት ማሳደጊያ አይደለም፤ መጠበቂያ ነው። ልጆቹ ዘመድ የጠፋባቸው ወይም ዘመድ ሊያሳድጋቸው ያልቻለ ናቸው። የአደራ ቤተሰብ የሚባለው፣ ልጁን ሳይወልድ፣ በጉዲፈቻም የራሱ ሳያደርግ፣ ቤቱ ወስዶ እንደ ልጁ የሚያሳድግ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚሠራ ሰው ጎበዝ የሚባለው ልጁ ሲወደው ሳይሆን ልጁ ሲሄድለት ነው። አንገቴን ነቀነቅኩ። የገባኝ ግን በኋላ ነው።

ከልጆቹ መካከል ሦስት ዓመት ግድም የሆናት አንዲት ልጅ ነበረች። ሰው ግቢ ሲገባ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት፤ ሰላም ለማለት ግን አይደለም፤ ኪሱን ለመፈተሽ ነው። ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የታጠፈ ደረሰኝ አውጥታ መሬት ላይ ትደረድራለች፣ ታያለች፣ ከዚያ እያንዳንዱን ወደ ኪሱ ትመልሳለች። ምንም አትወስድም። ሰው ምን ይዞ እንደሚዞር ማወቅ ብቻ ነው የምትፈልገው። እኔን «ኣያ» አለችኝ፤ ታላቅ ወንድም። አንድ ቀን ቁጭ አድርጌ አዲስ ግጥሜን በትልቅ ድምፅ አነበብኩላት፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ የፕላስቲክ ኩባያ አፌ ውስጥ ከተተችብኝ። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ሂስ ሁሉ ከዚህ ይለሰልሳል።

ችግሯ እንቅልፍ ነበር። ከዚህ ቤት ውጭ አትተኛም። ከእኔ መምጣት በፊት አንድ ባልና ሚስት ለሙከራ ቀን ወስደዋት ነበር፤ ጫማዋን አላወልቅም ብላ በራቸው ሥር ተቀምጣ እስኪመሽ አለቀሰች። ሰዎቹ ተስፋ ቆረጡና ሌላ ልጅ ወሰዱ። የቤቱ ሶሻል ወርከር፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ጠንቃቃ ወጣት ናት፣ ነገሩን ሳትሸፍን ነገረችኝ፤ አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ጨቅላ ነው፤ ይህች ልጅ ሁለተኛ ቤተሰብ ማግኘቷ ራሱ ዕድል ነው፣ ሦስተኛ አይገኝላትም ብላ ትፈራለች።

ሁለተኛው ቤተሰብ ወደ ቃላሚኖ በሚወስደው መንገድ ላይ ወፍጮ ቤት ያላቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ሴትየዋ ሃምሳዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ ወደ መሬት የሚያዩ። ባላቸው የወሎ ሰው ስለሆኑ ቤታቸው ውስጥ አማርኛና ትግርኛ ይደባለቃል፤ ከእኔ ጋር የተግባባነውም በዚህ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች ወልደዋል። አንዱ አግብቶ አዲግራት ይኖራል። ስለሌላው አልጠየቅናቸውም፣ እሳቸውም አልነገሩንም።

ቤቱ አንድ ልማድ አለው። ልጅ ወደ አዲስ ቤት ለሙከራ ከመሄዱ በፊት፣ የምትወስደው ሴት የለበሰችውን ነጠላ ታመጣለች፤ ነጠላው ሳምንት ያህል ልጁ አልጋ ላይ ይሰነብታል። አደይ ናቸው የጀመሩት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ሞኝ የጠየቃቸው ያህል አዩኝ።

«ላም ጥጃዋን በምን ታውቃለች? ስሙን ጠርታ ነው?»

ባለወፍጮዋ ነጠላውን በፌስታል ይዘው መጡ። በዚያ ቀን አንድ ሕጻን ትኩሳት ይዞት አደይ ከጎኑ አልተነሡም ነበርና ተቀብዬ አልጋዋ ላይ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። እንዴት ያለ ነጭ ነው! መታጠፊያው እንደ ወረቀት የሰላ፣ ጥለቱ ትናንት ከሸማኔ እጅ የወጣ ይመስላል። ማታ ስለ እሱ ሁለት ስንኝ ጻፍኩ፤ አንደኛው ውስጥ ደመና ነበረበት። ዓይኔን እንጂ አፍንጫዬን አልጠየቅኩትም።

ልጅቷ ነጠላውን አልተቃወመችም፤ አላቀፈችውምም። ባለወፍጮዋ በየሁለት ቀኑ እየመጡ አግዳሚው ላይ ይቀመጡ ነበር። ልጅቷ ኪሳቸውን ትፈትሻለች፤ የምታገኘው ሁሉ አዲስ ነው፣ አዲስ መሐረብ፣ ያልተከፈተ ብስኩት። መልሳ ትከታለች። ከዚያ ትሄዳለች።

የሙከራው ቀን ቅዳሜ ጠዋት ወሰድኳት። ወፍጮ ቤቱ በቅዳሜ ገበያ ቀን ተዘግቷል። እህል ጭነው የመጡ ሴቶች በር ላይ ቆመው ያጉረመርማሉ፤ ባልየው በእጃቸው ምልክት «ዛሬ የለም፣ ቀስ በሉ» እያሉ ይመልሷቸዋል። ድምፁ ልጅቷን እንዳያስደነግጣት ብለው ነው። ውስጥ ወለሉ ተወልውሎ ያበራል፤ ሶፋው አዲስ ልብስ ለብሷል፤ ባለወፍጮዋ ራሳቸው ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ለዓመት በዓል የሚለበስ ቀሚስ ለብሰው፣ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ትልቅ ሰው የሚጠበቅበት ቤት ነበር። ልጅቷን ካስገቡ በኋላ መሄድ የእኛ ደንብ ስለሆነ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። ስደርስ በሩ ሥር ተቀምጣለች፤ ጫማዋን አላወለቀችም። ድምፅዋ ዘግቶ ነበር፤ የምታለቅሰው በትከሻዋ ብቻ ነው። ባጃጁ ሳይነሳ እኔ ላይ ተኛች። ባልየው አንድ ላስቲክ ሽሮ ለቤቱ ብለው እግሬ ሥር አስቀመጡና ፊታቸውን አዞሩ። ባለወፍጮዋ ግን እስከ ባጃጁ ድረስ መጡ።

«ወደይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ምን በደልኳት?»

የቃል ሰው ነኝ ብዬ የምኮራ እኔ፣ የሹፌሩን ትከሻ ነክቼ እንሂድ አልኩት።

ሰኞ ጠዋት ባለወፍጮዋ ሥራ አቋርጠው ወደ ግቢው መጡ። ሶሻል ወርከሯ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ የእሳቸው ጥፋት እንዳልሆነ፣ ምናልባት ሌላ፣ አነስ ያለ ልጅ ቢሞክሩ ለሁሉም እንደሚቀል በጣም በቀስታ ማስረዳት ጀመረች። ባለወፍጮዋ አልተከራከሩም። እጃቸውን ብቻ ያያሉ። እኔ ገመዱ ሥር ካልሲ እያጣመድኩ ነበር፤ አንዷን ካልሲ ደጋግሜ አጣምድ ነበር ማለት ይሻላል። ይህ ቤተሰብ ከቀረ ልጅቷ እዚህ እንደምትቀር፣ ከዓመት በኋላ ዕድሜዋ አልፎ ትልልቆቹ ወዳሉበት ማሳደጊያ እንደምትዛወር ሦስታችንም እናውቃለን።

አደይ ያን ጊዜ ከመኝታ ክፍሉ ነጠላውን ይዘው ወጡ። ለባለቤቱ ሊመልሱ ነው የመሰለኝ። መሀል ግቢ ሲደርሱ ቆሙ። ነጠላውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ ገልብጠው ደግመው አሸተቱ።

«ይሄ ታጥቧል» አሉ።

«እንዴታ» አሉ ባለወፍጮዋ፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው። «ደጋግሜ ነው ያጠብኩት። በፀሐይ አድርቄ ተኩሼዋለሁ።»

«የለበስሽውን አምጪ አላልንሽም?»

«ለብሼዋለሁ እኮ። ለጥምቀት ለብሼዋለሁ።»

ባለወፍጮዋ አንዴ ተከፍተዋልና አላቆሙም። «አደይ፣ የሰው ቤት ያደፈ ጨርቅ ይዤ ልምጣ? ያውም ልጅ ለሚሰጠኝ ሰው? ቤቴን ስታዩ አልጋ ሥር ሳይቀር አይታችኋል፤ ሽንት ቤቱን አይታችኋል። ንጽሕና አታውቅም፣ ልጅ አይገባትም ብትሉኝስ?»

ሶሻል ወርከሯ ቀላች። አልጋ ሥር ያየችው እሷ ናት፤ ሥራዋ ነው። እኔ ደግሞ የቅዳሜው ቤት ዓይኔ ላይ መጣ፤ የሚያበራው ወለል፣ የተዘጋው ወፍጮ፣ የበዓል ቀሚሱ። ልጅቷ የሄደችው ሰው ወደሌለበት ቤት ነበር። ያለውን ሰው ሁሉ አጥበው አስወጥተውታል።

አደይ ወደ አግዳሚው ሄዱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ባለወፍጮዋ የለበሱትን ነጠላ ከትከሻቸው ላይ ገፈፉት። ከወፍጮ ቤት በቀጥታ ለብሰውት የመጡት ነው፤ ጠርዙ በርበሬ መስሏል፣ መሀሉ ላይ የዱቄት እጅ ታትሞበታል።

«ዋይ አደይ፣ እሱማ ከወፍጮ እንደወጣ ነው።»

«እኔም እሱን ነው የምፈልገው።»

«ያለ ነጠላ እንዴት አድርጌ በሓወልቲ ልለፍ?»

አደይ መልስ ከመስጠት ይልቅ እኔን አዩኝ። ጃኬቴን አወለቅኩ። ዚፑ የተበላሸ፣ ጀርባው ላይ የአውሮፓ እግር ኳስ ቡድን ዓርማ ያለበት ጥቁር ጃኬት ነው። ባለወፍጮዋ እንደ ነጠላ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት፣ እጅጌዎቹን ግራና ቀኝ አስተካከሉ። አደይ መቆንጠጫዎቻቸው እስኪንቀጫቀጩ ድረስ ሳቁና አግዳሚው ላይ ዘጭ አሉ። ባለወፍጮዋም ቀስ ብለው፣ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ባሌ ዛሬ ከቤት ያስወጣኛል አሉ። ሶሻል ወርከሯ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ቅዳሜ ብቻ እንሞክር አለች።

በዚያው ቀን፣ በቀትር መኝታ ሰዓት ነጠላውን ልጅቷ ላይ ጣል አደረግኩባት። አስነጠሰች። ነጠላውን በክፉ ዓይን አየችው። ጠርዙን አንስታ አሸተተች፣ ደግማ አስነጠሰች። ከዚያ ራሷን ሙሉ በሙሉ ሸፍና ውስጥ ሆና አስነጠሰች፣ ሳቋም ከውስጥ ይሰማኝ ጀመር። ሌሎቹ ልጆች ከየአልጋቸው ወርደው መጡ፤ ሁሉም የሚያስነጥሰውን ጨርቅ ማሽተት ፈለገ። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ማንም አልተኛም። በማግስቱ ግን ነጠላውን ራሷ ጎትታ ይዛ መጣች። ስምም አወጣችለት፤ «እጢሽ»።

ባለወፍጮዋ ጃኬቴን ሊመልሱልኝ መጡ። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ የዱቄት ሳሙና ይሸታል፤ ዚፑ ሳይቀር ተሠርቷል። አደይ ሰማይ ሰማይ አዩ። ልጅቷ ግን ወደ ኪሳቸው አልሮጠችም። ቀስ ብላ መጥታ አፍንጫዋን ቀሚሳቸው ውስጥ ከተተች፣ ሆን ብላ አስነጠሰች፣ ወደ ላይ አየቻቸው። «እጢሽ» አለቻቸው። ባለወፍጮዋ ምን ማለቷ እንደሆነ እንድነግራቸው ወደ እኔ ዞሩ፤ ስነግራቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ይሄኛውም ነጠላ አቧራ ነበረበት። እየተማሩ ነበር።

እኔም በዚያ ሳምንት የደመናውን ስንኝ ከሌሎቹ ጋር አውጥቼ አነበብኩት። ንጹሕ ነው፤ ማንም አልለበሰውም። ቀደድኩትና ካልሲ ወደ ማጣመዱ ሄድኩ።

ለሁለተኛው ቅዳሜ ሶሻል ወርከሯ አንድ ነገር ብቻ አዘዘች፤ ምንም እንዳያዘጋጁ። ባለወፍጮዋ ይህን ከመስማት ቤቱን በሙሉ ቀለም ይቀቡ ቢባሉ ይቀላቸው ነበር። እንግዳ በአቧራ እንዴት ይቀበላል ብለው ሲከራከሩ አደይ በአጭሩ ቆረጡት። «እንግዳማ ማታ ይሄዳል። እሷ እንድትሄድብሽ ነው የምትፈልጊው?»

ስንደርስ ወፍጮው ይጮሃል። ቀበቶው ይማታል፣ መሬቱ ከእግራችን ሥር ይንቀጠቀጣል፣ በሩ ላይ ሴቶች በጆንያቸው ላይ ተቀምጠው እየተጯጯሁ ያወራሉ። ባለወፍጮዋ ጸጉራቸውን በሻሽ ጠምጥመው፣ ቅንድባቸው ነጭ ሆኖ፣ ሚዛን ላይ እህል ይመዝናሉ። ልጅቷን አዩ፤ ሊነሱ ፈለጉ፣ ከዚያ አልተነሱም፤ አጠገባቸው ያለውን ጆንያ በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። እዚያ አስቀመጥኳትና ወጣሁ።

ሩቅ አልሄድኩም። ደንቡ ሂድ እንጂ ራቅ አይልም። ከመንገዱ ማዶ ሻይ ከሚሸጥበት የላስቲክ ዳስ ሥር ተቀመጥኩ። ሻይ አዘዝኩ፣ ቀዘቀዘ፤ ሌላ አዘዝኩ። የወፍጮው ድምፅ እስካለ ድረስ ሁሉም ደህና ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ለምን እንደዚያ እንዳሰብኩ አላውቅም፤ የምይዘው ነገር ስላልነበረኝ ይሆናል። ፀሐይዋ ከዳሱ አንድ ወገን ወደ ሌላው ዞረች። ስልኬን አየሁ፤ ማንም አልደወለም።

ከዚያ ወፍጮው ቆመ።

በአንድ ጊዜ የባጃጆቹ ጡሩምባ፣ የብርጭቆው ቅጭልጭልታ፣ የሁሉም ነገር ድምፅ ተመልሶ መጣ። አለቀሰችና ወፍጮውን አቆሙላት አልኩ። የሻዩን ሒሳብ ለመክፈል ስነሣ ባልየው ከበሩ ወጡ። ከራስ ጸጉራቸው እስከ ጫማቸው ዱቄት ናቸው። መንገዱን ግራ ቀኝ ሳያዩ ተሻገሩ፤ ፊታቸው ላይ ከዱቄቱ በቀር የሚነበብ አልነበረም። አጠገቤ ደርሰው ጎንበስ አሉ።

«መብራት ሄደ» አሉኝ በሹክሹክታ።

እኔም ለምን እንደሆነ ሳላውቅ በሹክሹክታ «ልጅቷስ?» አልኳቸው።

«ጤፉ ጆንያ ላይ ተኝታለች። ወፍጮው ሲቆም እንኳ አልነቃችም። ሚስቴ አጠገቧ ሆና ደንበኞቹን አትናገሩ፣ አትረብሹ እያለች ናት። እኔንም ውጣ ብላ አስወጣችኝ።»

ከመንገዱ ማዶ የወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሴቶቹ ጆንያቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። አንዳቸውም አያወሩም። አንዷ የሚያለቅስ ሕጻኗን ይዛ ወደ ጥግ ዞር ብላለች። መብራት በሄደ ቁጥር ይህ ሰፈር እንዴት እንደሚያማርር አውቃለሁ፤ ያን ቀን አንድ ሰው እንኳ አላማረረም። ባልየው አጠገቤ ተቀመጡ። ሻይ ጠጡ። ስኳሩን ሲያማስሉ ማንኪያው ብርጭቆውን እንዳይነካ ይጠነቀቁ ነበር።

ወረቀቱ አልቆ ለሁልጊዜ የሄደች ቀን አደይ ለሁሉም ልጆች ከረሜላ አደሉና ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ያለ ምክንያት ተቆጡን። እኔ ዓዲ ሓቂ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ደስ ብሎኛል ወይ ብላ እህቴ ጠየቀችኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ክንዴ ግን ምን እንደሚይዝ አላወቀም፤ ደስታው ራሱ እንዲህ የሚያደርግ ይመስለኛል።

ልጅ ከተሰጠ በኋላ በጎ ፈቃደኞች ለተወሰነ ጊዜ እንዳንጎበኝ ይመከራል። ጊዜው ሲያልፍ አንድ ቅዳሜ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር፤ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። ሚዛኑ አጠገብ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቆማ አገኘኋት። ሻሽ ጠምጥማለች፤ እንደ ባለወፍጮዋ አስተሳሰር፣ ቋጠሮው ወደ ግራ። በጣቷ እየጠቆመች ማን ቀጥሎ እንደሚያስፈጭ ትናገራለች፤ ትልልቆቹ ሴቶች «እሺ እመቤቴ» እያሉ ጆንያቸውን ይጎትታሉ። ባለወፍጮዋ አይተውኝ ሊጠሩኝ ሲሉ እጄን አውለበለብኩላቸው፤ ይተዉ፣ ይቆዩ አልኳቸው።

ልጅቷ አየችኝ። እንዳወቀችኝ ከዓይኗ ገባኝ፤ ፈገግ አለች፣ ግን ሥራ ላይ ናት። ምን ይዤ እንደመጣሁ በትግርኛ ጠየቀችኝ። ባዶ እጄን አሳየኋት። ትንሽ አሰበች። ከዚያ በጣቷ የሰልፉን መጨረሻ አሳየችኝ፤ ተራ ተራ ነው፣ ሰው እንዳትቀድም አለችኝ።

ሄጄ ቆምኩ። አንዲት ሴት ሽምብራ በጀርባቸው አዝለው ከኋላዬ መጡና መጨረሻ አንተ ነህ ወይ አሉኝ። አዎ፣ እኔ ነኝ አልኳቸው።